ሦስት ጊዜ ወደ አገራቸው የገቡት ሐኪም

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ በክረምት ወይም በዒድ ዋዜማ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ዓይነት ተመላሽ ሲገባ ያያል። አንደኛው ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከስቶክሆልም የመጣው ነው፤ ዘመድ አበባ ይዞ ይጠብቀዋል፣ ሻንጣውም ከአንድ ጋሪ ይተርፋል። ሁለተኛው ከጅዳና ከሪያድ የሚመጣው ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው በጥቂት ወራት ውስጥ በዚሁ በር ሲገቡ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስና ከአንድ ፌስታል በቀር የያዙት እንዳልነበረ የከተማችን ሰው አይዘነጋውም።

ለመጀመሪያው ተመላሽ ብዙ ተብሎለታል፣ ብዙም ተደርጎለታል። በ1994 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገራቸው እንዲኖሩና እንዲሠሩ የሚያስችለው ቢጫ ካርድ በአዋጅ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለገናና ለጥምቀት ሰሞን አንድ ሚሊዮን ሰው ወደ አገሩ እንዲገባ ጥሪ ተላለፈ። ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲ ኤም ሲ እስከ አያት እንግዳ ታየ፤ በዕረፍት የመጣው ዕረፍቱ ሲያልቅ ወደ ሥራው ሄደ። የሄደውን መውቀስ አይገባም፤ ልጆች አሉት፣ የቤት ዕዳ አለበት፣ አለቃ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ጥያቄው እዚያው ቀርቷል። ሐኪሙን፣ መሐንዲሱንና መምህሩን ተመልሶ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ምንድን ነው? የአገር ፍቅር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ከዚህ በታች ታሪካቸው የሚነገረው ሰው ግን የአገር ፍቅር ሳይጎድላቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ የተቀመጡት በሦስተኛው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ ሲሄዱ ሾላን እንዳለፉ ረጅሙን የእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ያገኙታል። ግቢው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። ያኔ ያ ሥፍራ ከከተማው በስተምሥራቅ ራቅ ያለ ነበር፤ ዛሬ ቦሌ የምንለውም ሜዳና እርሻ እንጂ አውሮፕላን የሚያርፍበት አልነበረም። በዚህ የሌጋሲዮን ግቢ በ1900 ዓ.ም. አንድ አዲስ ሐኪም ሥራ ጀመረ። ወረቀቱ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይለዋል። ሰዉ ግን ሐኪም ወርቅነህ ይላቸው ነበር። ትውልዳቸው ጎንደር፣ አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ነው። የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ሳሉ ከዘመዶቻቸው ጋር መቅደላ ላይ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲያጠፉ በዚያ ሁሉ ትርምስ ሕፃኑ ከዘመድ ተለየ። የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙት፤ ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሊን የተባለ መኮንን ወስዶ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። ቻምበርሊን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ከሁለቱ መኮንኖች ስም የተገጣጠመ ነው፤ ልጁ የራሱን ስም አያውቅም ነበርና።

ያደጉት በፑንጃብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም ዛሬ በፓኪስታን ከምትገኘው ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። በነገራችን ላይ፣ በኋላ አገራቸው የሰጣቸው ሐኪም የሚለው መጠሪያ በላሆርም የታወቀ ቃል ነው። እዚያ ሐኪም የሚባለው በጥንቱ የሙስሊሞች የሕክምና ጥበብ የሚያክመው ሰው ነው፤ ከፈረንጅ ኮሌጅ የወጣው ደግሞ ዶክተር ነው። እኛ ዘንድ ቃሉ ከዓረብኛ መጥቶ ሁለቱንም ጠቀለለ። ወጣቱ ዶክተር ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሳደጉ፤ ከዚያም በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት በርማ፣ ዛሬ ሚያንማር በምንላት አገር ተመደቡ። ደመወዛቸው የታወቀ፣ ኑሯቸው የተደላደለ፣ ዕድሜ ሲገፋም ጡረታቸው የተጠበቀ ነበር።

የዓድዋ ወሬ የደረሳቸው እዚያ ሳሉ ነው። በ1888 ዓ.ም. አንድ የአፍሪካ አገር የአውሮፓን ጦር አሸነፈ ሲባል፣ ያ አገር የተወለዱበት መሆኑን የሚያውቁት ሐኪም ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ። ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያኔ ባቡር የለም፤ በበቅሎና በግመል የሚሄዱበት የሳምንታት መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ የፈረንጆቹ ምዕተ ዓመት ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኛ በነፃ ያክሙ ጀመር። አማርኛ አይችሉም። ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። መልኩ የኛ፣ ልብሱና ቋንቋው የፈረንጅ የሆነው ይህ ሐኪም መቅደላ ላይ የጠፋ ልጅ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላ። ወሬው ከዘመድ ጆሮ ደረሰ፤ አያታቸው መጡና በልጅነት የቀረ ጠባሳ ከሰውነታቸው ላይ ፈልገው አገኙ። ሐኪሙ ትክክለኛ ስማቸውን ያወቁት እንግዲህ በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለተረት የሚመች ነበር። አላበቃም። ፈቃድ የወሰዱት ከእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ያልቃል። አገራቸው ደስ ብሏት ተቀበለቻቸው እንጂ ሐኪም በምን ደመወዝ፣ በየትኛው ቤት፣ በማን ሥር እንደሚሠራ የሚወስን ሥርዓት አልነበራትም። የቤተ መንግሥት ሰው የሚኖረው በተሰጠው ጉልትና ገባር ነው፤ ያ ደግሞ ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የሚነሳ ነው። ስለዚህ ተመልሰው ወደ በርማ ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ያለ አንድ ገጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 የምኒልክ ጦር ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ በኦጋዴን በኩል በሰይድ ሙሐመድ አብዲሌ ሐሰን ላይ ሲዘምት ሐኪም ወርቅነህ በሐኪምነት አብረው ተጉዘዋል። ይህን ዘልሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች እንዲህ ያለውን ይዘሉታል። እንግሊዞች በስድብ ስም የሚጠሯቸውን ሰይድ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ በሌላ ዓይን እንደሚያያቸው ጸሐፊው ያውቃል፤ እሱም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ግን ያን ጊዜ የሁለት መንግሥታት ሰው ነበሩ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ከሁለቱም ጋር ዘመቱ። ከውጭ ተምሮ የሚመጣ ሰው የማንን ሥራ እየሠራ እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ ራሱም አይለየውም።

ሁለተኛው መመለሳቸው የ1900 ዓ.ም. ነው፤ በሌጋሲዮኑ ሐኪምነት የመጡት ያኔ ነው። አፄ ምኒልክ ታመው ነበርና ቤተ መንግሥትም ይጠሩ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ቋንቋውን ለመዱ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ልጆች ወለዱ። ሆኖም ደመወዝ ከፋያቸው ለንደን ነው። መኳንንቱ እንግሊዝ ናቸው ብለው ይጠረጥሯቸዋል፤ እንግሊዞቹም ሐበሻ ናቸው ብለው በሙሉ ልብ አያምኗቸውም። ከምሥራቁ ግቢ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ግቢ በተመላለሱበት በዚያ መንገድ ላይ የትኛው ጫፍ ቤታቸው እንደሆነ ለመናገር የሚያስቸግር ኑሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 እንደገና ወደ በርማ ሄዱ። ለጡረታ የሚቀራቸውን የአገልግሎት ዘመን ለመጨረስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። አገር ወዳድ የሚባል ሰው ለጡረታ ሲል ይሄዳል? ይህ ጸሐፊ ግን ከሕይወታቸው ሁሉ ብልህ የሆነው ውሳኔ ይህ ነው ይላል። በቅርብ የማውቀው አንድ ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ሥራውን ለቆ ሊቀመጥ መጥቶ ነበር። ገርጂ ቤት ተከራየ። የትምህርት ማስረጃውን ለማጣራት ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ አንደኛው ከሌላው ደብዳቤ ሲጠይቀው፣ ያጠራቀመው ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ቤት አለቀ። በዘጠነኛው ወር ወጥቶ ሄደ። አገሩን ጠልቶ አልነበረም። የሚጠብቅበት ስንቅ አልነበረውም እንጂ። ሐኪም ወርቅነህ ይህን የተረዱት በመጀመሪያው ጉዟቸው ይመስለኛል። ሦስተኛ ሲመጡ የማንንም እጅ ሳያዩ የሚኖሩበት ገቢ ይዘው መጡ። የእንግሊዝ ጡረታ ነው፤ የተከበረ ግን በላባቸው ያገኙት ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ጡረታ ወጥተው ተመለሱ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ደርሷል። ብዙ ሰው ዕረፍት በሚጀምርበት ዕድሜ ሥራው የተጀመረው እንግዲህ አሁን ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ የተማረ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ሐኪሙም ቋንቋ ያውቃሉ፣ ዘመድ አላቸው፣ ለእንጀራ ብለው አያጎነብሱም። የፍል ውኃን መታጠቢያ አሻሽለው አስተዳደሩ። ለሕክምና ካጠኑት ይልቅ ለሌላ ሥራ ይበልጥ ተፈለጉ፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ነፃ ለወጡ የባሪያ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ፤ የባሪያ ንግድ ገና በየቤቱ በነበረበት ዘመን ይህ ወዳጅ የሚያበዛ ሥራ አልነበረም። የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አሳተሙ። ቋንቋውን በጎልማሳነት የተማረ ሰው በዚያው ቋንቋ ለተማሪ መጽሐፍ ማዘጋጀቱን ልብ ይሏል።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ጉዳዩ የጣና ሐይቅ ግድብ ነበር፤ ኒውዮርክ ከሚገኝ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ለመደራደር ነው። እንግሊዞች ለግብፅና ለሱዳን ብለው የአባይን ውኃ ከእጃቸው ማውጣት ስላልፈለጉ ነገሩ ለንደንን አስቆጣ፤ ጡረታ ከፋያቸውም ያው ለንደን መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ግድቡ አልተሠራም። ሐኪሙ ግን በዚያው ጉዞ ሌላ ነገር ሠሩ። ሃርለም ሄደው ጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገሩ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መካኒክ የሆነ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እንዲሠራ ጋበዙ። ቦሌ ሳይኖር፣ ቢጫ ካርድ ሳይታሰብ፣ ራሳቸው ተመላሽ የሆኑ ሰው ተመላሽ ለመጥራት ወጡ ማለት ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ከጥቁር አሜሪካውያን ጥቂቶች መጡ። ከመጡት አንዳንዱ ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ባየው ነገር አዝኖ ተመለሰ። እንግዳን መጋበዝና እንግዳ የሚሠራበትን ቦታ ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እሳቸው ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። የጨርጨር ሹመት ሲመጣም የያዙት ይህንኑ ነው።

ጨርጨር ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ የምንለው ደጋማ አገር ነው፤ የቡናና የጫት አገር፣ ነዋሪው በአመዛኙ ሙስሊም የሆነ የኦሮሞ ሕዝብ ነው። ሐኪም ወርቅነህ በ1922 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አገረ ገዥ ሆነው ሄዱ። ከሳቸው በፊት ይህንኑ አገር ሌላ ተመላሽ፣ በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳድረውት ነበር፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማ የቆረቆሩትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ከውጭ የተማሩ ሰዎች አንድን አውራጃ ተከታትለው መግዛታቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ጨርጨር ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን ተመርጦ ነበር።

የአርአያነቱ ነገር እንዲህ ነው። በሌላው አገር ሹሙና ወታደሩ የሚኖሩት ከገበሬው ጉልበትና እህል ነበር፤ ስንት እንደሚወሰድበት ገበሬው አስቀድሞ አያውቅም፣ ለወሰዱበትም ደረሰኝ የለውም። በጨርጨር የታሰበው ግብሩ በልክ እንዲታወቅ፣ ሹሙም በደመወዝ እንዲኖር ነው። ሐኪሙ መንገድ ጠረጉ፤ ደጋው ቡናውን ወደ ባቡሩ መሥመር የሚያወርድበት መንገድ ከሌለው ግብር በገንዘብ ክፈል ማለት ከንቱ ነውና። ትምህርት ቤትና ሕክምና ወደ ከተማዋ ገባ። በበርማ ለሃያ ዓመት ያህል የወረዳ ሐኪም ሆኖ የሠራ ሰው መዝገብ መያዝን፣ ሒሳብ ማስመርመርን፣ ሠራተኛን በሰዓት ማስገባትን ለምዶ ነበር። አገር ይዘውለት የመጡት እውቀት መርፌና መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚሠራም ጭምር ነው። ይህ ጸሐፊ ስለ ተመላሽ ባለሙያ በሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚዘነጋው ይህ ይመስለዋል። ገንዘብ ይዞ የመጣ ቦሌ ላይ ፎቅ ይሠራል፤ ፎቁም አይጠላም። ደረሰኝ መስጠትን ይዞ የመጣ ግን ብዙ ጊዜ ቦታ አይገኝለትም።

አንድ ነገር ደግሞ መነገር አለበት። የጨርጨር ሰው ማን ይግዛህ ተብሎ አልተጠየቀም። መሬቱ ከዚያ በፊት ለመጡ ወታደሮች ተከፋፍሎ፣ ባለርስቱ ገባር ሆኖ ነበር፤ ጥሩ አገረ ገዥ ሸክሙን ሊያቀልለት ቻለ እንጂ መሬቱን አልመለሰለትም። የሐኪሙ ደግነት በተሾሙበት ሥርዓት ልክ ነበር። ከተማይቱ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ከዚያው ደጋ ወጣቱ በጂቡቲና በቦሳሶ በኩል ባሕር እየተሻገረ ወደ ሳዑዲ መሄዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በ2006 ዓ.ም. በቦሌ በር ፌስታል ይዘው ከገቡት መካከልም የሐረርጌ ልጆች ነበሩበት።

የጨርጨሩ ሥራ ሥር ሳይሰድ ጦርነት መጣ። ሐኪም ወርቅነህ እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። የለመዱት ሕዝብ ነው፤ ነገር ግን ወዳጅነቱ የኢጣሊያን ጦር ሊያቆም አልቻለም። ገንዘብና መድኃኒት ይለምናሉ፤ የለንደን ሰው ያዝናል፣ መንግሥቱ ግን መሣሪያ አይሸጥም። ግንቦት 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ለንደን ሲገቡ የተቀበሏቸው እሳቸው ነበሩ።

ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ለአባታቸው ሦስት ጉዞና ሃያ ዓመት የፈጀውን እነሱ በአንድ ጊዜ አደረጉት፤ ተማሩ፣ ተመለሱ። አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ ወደ ምዕራብ ካፈገፈጉትና የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት የተማሩ ወጣቶችና መኮንኖች ጋር ነበሩ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ማኅበሩ ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ ተከበበ፤ ወጣቶቹም በጣሊያን እጅ ወደቁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሁለቱም ተገደሉ።

ያን ሰሞን የፈረንጅ አገር ትምህርት ያለው ወጣት ሁሉ እየታደነ ተገድሏል። ከነፃነት በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የውጭ አገር አማካሪ የሞላው አንድም ስለዚህ ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው በጉድጓድ ተቀብሮ ነበር። ከውጭ የሚመለስ ባለሙያ ቁጥር ሲቆጠር ይህንንም አብሮ መቁጠር ይገባል።

አባትየው የልጆቻቸውን ሞት የሰሙት በስደት ላይ ሆነው ነው። በኋላ ወደ ሕንድ ተሻገሩ፤ ተይዘው የሄዱባት አገር ስደተኛ ሆነው ሲመጡም ተቀበለቻቸው። በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ሰባ ሰባት ዓመት ሆኗቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ይህን ከሦስቱ ጋር አልቆጠርኩትም፤ የስደተኛ መመለስ እንጂ የተመላሽ ባለሙያ አልነበረምና። ትልቅ ሹመት አልጠበቃቸውም። መስከረም 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

የዘመን ማስታወሻቸውን ለብዙ ዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስለ ሕይወታቸው በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚያ የተወሰደ ነው። የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው።